የሐረጉ ቋጠሮ

(ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ያደሳ ታፔላ የሚጽፍባት ጠባብ ክፍል። ጥልፍ ሠሪዋ እማማ ዋጋነሽ በራቸው ላይ የሚሰቀለውን ታፔላ ሊወስዱ መጥተዋል። ታፔላው ከዳር እስከ ዳር በተጠማዘዘ ሐረግ ተሞልቷል።)

ዋጋነሽ፦ ስሜስ?

ያደሳ፦ ይገባል እማማ። መጀመሪያ ሐረጉ ይጨረስ።

ዋጋነሽ፦ በየት በኩል ነው የሚገባው? ዝንብ እንኳ ማረፊያ የላትም።

ያደሳ፦ ጥበቡን ስለማያውቁት ነው። ሐረግ በእጅ አንጓ አይሳልም፣ በትከሻ ነው። ብሩሹ ሲወጣ ቀለል፣ ሲወርድ ጫን። መሃል ላይ ደግሞ ትንፋሽ አይሳብም።

ዋጋነሽ፦ ሁለት ሳምንት ሳትተነፍስ ከርመሃላ። መትረፍህም ተመስገን።

ያደሳ፦ ይቀልዳሉ።

ዋጋነሽ፦ ምን እቀልዳለሁ። ደንበኞቼ ከታክሲ ወርደው ቤቴን ሲያጡት፣ ማዶ የተከፈተችው ሱቅ እየገቡ ቀሩ። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሙሽራ አመለጠኝ። ይሄ መሃል ላይ የተድቦለቦለው ነገር ቢነሳ፣ «ዋጋነሽ ጥልፍ» ለመጻፍ አይበቃም?

ያደሳ፦ ቋጠሮው? ቋጠሮው ከተነሳማ ምን ቀረ? የጥንት ሊቃውንት ምሥጢር እኮ ነው። ሐረግ ፍጻሜ የለውም፣ እንደ ዘላለም ነው ለማለት ይቋጥሩታል።

ዋጋነሽ፦ ተው እንጂ። ሊቃውንቱን የት አገኘሃቸው?

ያደሳ፦ ከብራና ላይ የተነሳ ፎቶ አለኝ። ይኸው። (ስልኩን ይሰጣቸዋል።)

ዋጋነሽ፦ (ከዓይናቸው አርቀው እያዩ) ብራናው ትከሻ አለው?

ያደሳ፦ ታጥፎ ነው።

ዋጋነሽ፦ ሐብልም አድርጓል።

ያደሳ፦ (ስልኩን መልሶ ወስዶ አተኩሮ ያያል።) የላከልኝ ልጅ ጥንታዊ ነው ብሎኛል።

ዋጋነሽ፦ ጥንታዊስ ነው፣ እኔ ነኝ የጠለፍኩት። ራዕይ የምትባል የቤቴል ሰፈር ሙሽራ ናት፣ የመልስ ቀሚሷ ነው። ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ባንዴ ነበር የማስገባው። የት ሄደ ያ ጊዜ።

ያደሳ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እና... ቋጠሮውን ምን ለማለት ነው ያደረጉት?

ዋጋነሽ፦ ምንም ለማለት አይደለም። ክሩ አለቀብኝ። መርካቶ ደርሼ እስክመለስ ሙሽራዋ አትጠብቀኝ፣ ቋጠርኩት።

(ያደሳ ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ይነክርና፣ ገና ያልደረቀውን ቋጠሮ መጥረግ ይጀምራል።)

ዋጋነሽ፦ በአንጓህ አይደለም ልጄ፣ በትከሻህ።