ኮምፒውተር ቀስቃሿ ልጄ

ባለጉዳዮቹ ልጄ ቤዛ፣ አማቴ መሪጌታ ጥበቡና እኔ አባትዮው ነን። ለማያውቀው ሰው በነጻ የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልጃለሁ! ቤዛ ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም በኢንተርኔት ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ትጽፋለች፤ የፈለገ ሁሉ በነጻ ይወስደዋል።

አንድ ቀን በጽሕፈትና ፎቶኮፒ ሱቄ ብቸኛ ኮምፒውተር ላይ ሞከረችውና ማሽኑ አልነሣም አለ።

«እንጀራዬን ገደልሽው!» አልሁ።

ማስተካከያ ጽፋ ለባሕር ማዶዎቹ ብትልክ፣ ከመካከላቸው አንድ የማታውቀው ሰው ስህተቷን እየነቀሰ ደጋግሞ መለሰባት።

«መሪጌታ፣ ልጄን ሲያዋርዳት ዝም ይላሉ?»

«አንተ ሰው፣ ቅኔ ቤት መምህሩ ያልነቀፈው ተማሪ መቼ ተመረቀ? ተዋት፣ ትታረም!»

ታረመች። ሥራዋን ተቀበሏት፤ ኮምፒውተሬም ተነሣ! እኔ ኮስታራው ጣና ዳር ያገኘሁትን ሁሉ እያስቆምሁ «ከእንግዲህ የዓለም ኮምፒውተር የሚነቃው በልጄ ነው!» አልሁ። ትንሽ አጋንኛለሁ። መታረምን የማይፈራ ልጅ ማሳደግ ግን እውነተኛ ድል ነው።

ለሁላችን የወጣው ጠቅላላ ወጪ፣ የኢንተርኔቱንና ለደስታው የበላነውን ዓሣ ጨምሮ፣ ዘጠኝ መቶ ብር።