የጋሽ ዱባለ ስልሳ ሦስት አስፈሪዎች

በየከተማው አንድ ሰብሳቢ አለ። ማዘጋጃ ቤትና መናኸሪያ በተተከሉበት ዓመት እሱም አብሮ ይበቅላል። አንዱ የቢራ ቆርኪ ይሰበስባል፣ አንዱ የማይሠራ ሬዲዮ፣ አንዱ በሩ የጠፋበት ቁልፍ። ጠባያቸው ግን አንድ ነው፤ ያሳዩሃል እንጂ አያስነኩህም። ካልተደነቅህ ይቀየማሉ፤ አብዝተህ ከተደነቅህ ደግሞ ሌባ ነው ብለው ይጠረጥሩሃል።

እኔ ከተጠርጣሪዎቹ ወገን ነኝ። መደነቅ ቶሎ ይይዘኛል። በ2005 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የአማርኛ መምህር ሆኜ ወልቂጤ ስመደብ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ የሚንሸራተተውን ዝናብ አይቼ ገና ከሚኒባሱ ሳልወርድ ግጥም ጀምሬ ነበር። አንዲት ክፍል የተከራየሁት ከክቡር ጋሽ ዱባለ ግቢ ነው። ጋሽ ዱባለ የከተማዋ ታፔላ ሠዓሊ፣ እንዲሁም የስልሳ ሦስት አስፈሪ መጻሕፍት ባለቤትና የበላይ ጠባቂ ናቸው።

መጻሕፍቱ እኔ ከመወለዴ በፊት የታተሙ፣ ኪስ የሚገቡ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ናቸው። ገጻቸው እንደ ቆሎ ጠቁሯል፤ ሽፋናቸው ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። ከመቃብር የወጣ አረንጓዴ እጅ። ሙሽራ ያቀፈ አጽም። ዓይኑ ውስጥ ሻማ የሚነድ ድመት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አንድ መስኮቱ ብቻ መብራት ካለበት ግንብ በባዶ እግሯ የምትሸሽ፣ ነጭ የሌሊት ልብስ የለበሰች ልጅ። ልብሷ ከኋላዋ እንደ ጉም ይበተናል።

ጋሽ ዱባለ እንግሊዝኛ አያነቡም። ይህ ግን ጉድለት መሆኑን ለአፍታም ተቀብለው አያውቁም።

«ሆድ ዕቃው ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል አንዱን ልገልጥ ስል። ሆድ ዕቃ የሚሉት ገጾቹን ነው። «ሰው ስትተዋወቅ ሆዱን ነው የምትከፍተው?»

«አንዲት ገጽ ብቻ፣ ጋሽ ዱባለ።»

«እጅህን ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«እንግዲያው በንጹሕ እጅህ ኪስህን ያዝና በዓይንህ እይ!»

መጻሕፍቱን ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛ የሚያመጣላቸው ከማሉ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሁልጊዜ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያስረክበው።

«ወላሂ ጋሽ ዱባለ፣ ያ አጽምዎ ወሊሶ ላይ ሁለት ጎማ በላብኝ!»

«ዝም በል። አጽም ጎማ አይበላም፤ ሆድ የለውም።»

የሽፋኖቹ ቀለም እየፈሰሰ ወደ ከተማዋ ታፔላዎች ገብቷል። ጋሽ ዱባለ ለአንድ ሥጋ ቤት የሣሉት በሬ ዕጣ ፈንታውን ያወቀ ፍጡር ነው፤ ባለቤቱ «ደንበኞቼ ይቅርታ እየጠየቁት ይገባሉ» ብሎ አማሯል። ለጥርስ ሕክምና የሣሉት መንጋጋ ሕፃናትን አስፈርቶ ወደ ማዶ ያሻግራል። በፀጉር ቤቱ ታፔላ ላይ ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ከደንበኛው ፀጉር ይልቅ አንገቱን ይመለከታል። ባነር የሚያትም ማሽን ከተማዋ ከገባ ወዲህ ሥራቸው ቀንሷል። እሳቸው ግን «ማሽን ምን ያውቃል፣ ፈርቶ አያውቅ» ይላሉ።

ፍርሃትን በተመለከተስ እሳቸው ሊቅ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልሳ ሦስቱንም ሽፋን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። «ይተኙ፣ ደክሟቸዋል» ይላሉ። ሽፋኖቹ እንቅልፍ የሚነሱት ማንን እንደሆነ ግን ግቢው በሙሉ ያውቃል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ባለቤታቸው እትዬ ትርሲት ከቤተ ክርስቲያን ቆጣ ብለው ተመለሱ። እንግዳ ሰባኪ መጥቶ፣ ምእመናን ከቤታቸው የጨለማ ነገር እንዲያስወጡ አስጠንቅቋል። የሐሙሱ የቤት ኅብረት ጸሎት ተራ ደግሞ የእሳቸው ነው።

«ዱባለ፣ ሐሙስ ወንድሞችና እህቶች ሲገቡ ያ አጽም እዚህ ቤት ካየሁት፣ ስልሳ ሦስቱንም አንድጄ ቆጮ እጋግርባቸዋለሁ።»

እትዬ ትርሲት የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የለኩትን ይቆርጣሉ። ጋሽ ዱባለ የእኔን በር አንኳኩ። እንደዚያ ቀን አንሰው አይቻቸው አላውቅም።

«መምህር፣ ሃያ ዓመት የሰበሰብኩት ነው። ምን ላድርግ?»

እኔም ሞኝ፣ የተማሪ ብልሃት ትዝ አለኝ። «ለምን እንደ ደብተር አንለብጣቸውም? በጋዜጣ።»

«ጋዜጣ ክብር የለውም» አሉና ከአልጋ ሥር ለዓመታት ያጠራቀሙትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አወጡ። ረቡዕን ሙሉ ስንቆርጥና ስናጥፍ ዋልን። አረንጓዴው እጅ የበግ መንጋ ለበሰ፤ አጽሙ በወርቅ ቀለም የተጻፈ ጥቅስ ደረበ። እትዬ ትርሲት መደርደሪያውን አዩና «እነዚያስ?» ሲሉ፣ ጋሽ ዱባለ «የሉም» አሉ። አይታዩም ለማለት ነው ብዬ ኅሊናዬን አባበልኩ።

ስህተታችን ቤቱን ከልክ በላይ መቀደሳችን ነበር። ሐሙስ ከሰዓት የኅብረቱ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ ገብሬ፣ ገና ሲገቡ መደርደሪያው ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይህን ሁሉ መንፈሳዊ መጽሐፍ በዝምታ ሰብስባችሁ! ትርሲት፣ ቤትሽ የተባረከ ነው። እስኪ ከአንዱ ላንብብላችሁ።»

ሳቡ። ገለጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ከዚያ ጣታቸውን ከካላንደሩ ሥር አስገብተው ቀስ አድርገው ገፈፉት። ነጭ የሌሊት ልብስ የለበሰችው ልጅ እየሸሸች ወደ ጸሎት ቤታችን ገባች።

«በኢየሱስ ስም!» አለች አንዲት ሴት። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጋሽ ዱባለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እትዬ ትርሲት ተነስተው መጽሐፉን ተቀበሉ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው ብዙ አዩት።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉ።

ሁላችንም እናውቃታለን። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በእትዬ ትርሲት የሙሽራ ልብስ ሱቅ ታፔላ ላይ፣ ቬሎዋ ከኋላዋ እየተበተነ የምትሮጥ ሙሽራ አለች። ከተማው በሙሉ ወደ ሠርጓ የምትቸኩል ነው የሚመስለው። ግንቡ ብቻ ነው የጠፋው፤ በቦታው ጽጌረዳ ተስሏል።

«ዱባለ፣ አንቺን ነው የሣልኩት አላልከኝም?»

ጋሽ ዱባለ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ፊቱ ያንቺ ነው። ሩጫውን ብቻ ነው ከሷ የወሰድኩት።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ገብሬ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እትዬ ትርሲት አልሳቁም፤ መጽሐፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አሥራ ስድስት ዓመት ቆማ ደንበኛ ጠራችልኝ። ልጆቼ በሷ ነው የተማሩት። እሳት ውስጥ አልከታትም» አሉ፤ ወደ ሽማግሌው ዞረውም፣ «ወንድም ገብሬ፣ ጥፋት ከሆነ ይንገሩኝ።»

ጋሽ ገብሬ ሽፋኑን ደግመው አዩት። «የሠዓሊ መሣሪያ ነው፤ የማገዶ ምክንያት አላየሁበትም። ጥፋቱ ሌላ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ለአጽም ካፖርት አታድርጉት። ካላንደሩን አንሱለት። ለጸሎታችን ሰዓት ግን ወደ ግድግዳ አዙሩልን።»

«እኔም ማታ ማታ አዞራቸዋለሁ!» አሉ ጋሽ ዱባለ፤ ድምፃቸው ከእስር እንደተፈታ ሰው ነበር። ያን ቀን ሲጸልዩ «አሜን» የሚሉት ከሁሉ ቀድመው ነበር።

በማግስቱ እኔ ክፍል መጡ። በእጃቸው ልጅቷ አለች።

«ታጥበሃል?»

«ታጥቤያለሁ።»

ሰጡኝ። በእጄ! «ሆድ ዕቃውን እይልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መጨረሻዋ ላይ ትያዝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ሃያ ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ ኖርኩ።»

ሁለት ቀን አነበብኩ። ታሪኩ ስለ አንድ ሐኪምና ስለ ሰጠመች መርከብ ነው። ግንብ የለም። ልጅቷም የለችም፤ አንድም ገጽ ላይ። አሳታሚው ገዢ ይሳብልኛል ብሎ ያስሳላት ናት። ይህን መንገር ከበደኝ፤ ግን መዋሸት አልቻልኩም።

«የለችም፣ ጋሽ ዱባለ። መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ አልገባችም።»

መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉ። ከዚያ ረጅም፣ ደረት የሚያራግፍ ትንፋሽ ወጣቸው።

«እሰይ!» አሉ። «እንግዲያው አምልጣለች!»

የዚያን ዕለት ምሽት መጻሕፍቱን ሲያዞሩ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ስልሳ ሁለቱን አዞሩ።