የሰናይት ጥርስና የእማዬ ጆግ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ጆሮው ከሌላው ሰው ጆሮ ይለያል። እኛ ጀሞዎች፣ ውሃ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው አየር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከእንቅልፋችን ውስጥ ሆነን እናውቃለን። መጀመሪያ ያንኮራፋል፣ ቀጥሎ ደጋግሞ ያስላል፣ ከዚያ ይመጣል። ያን ጊዜ ሰው ምሳውን፣ ስልኩን፣ ጸሎቱን ሳይቀር አቋርጦ ይሮጣል። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ እንግዳውም ይሮጣል፤ ባልዲ አቀባይ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። እርስዎ የሚኖሩበት ሰፈር ውሃ የማይጠፋ ከሆነ ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይሉ ይሆናል። ይበሉ፤ አንቀየምም።

ታዲያ ውሃው ሲመጣ ዝም ተብሎ አይቀዳም፤ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ያለና ዝገት ዝገት የሚል ስለሆነ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ለልብስና ለወለል ነው። ጥርት ሲል ደግሞ ለወጥና ለመጠጥ። በእኛ ቤት የዚህ ሥርዓት ጠባቂ እናቴ ናት። እማዬ ጎመን ያጠበችበትን ውሃ አትደፋም፤ ወለል ትወለውልበታለች። ወለል የወለወለችበትንም አትደፋም፤ ከፎቁ ሥር ላለችው ጽድ ታወርድላታለች። ሰው ቤት ሄዳ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካየች ጨዋታው አይጥማትም፤ ዓይኗ እዚያው ይቀራል። በዚህ ጉዳይ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ።

ጥርስን በተመለከተ ግን የጀሞም የሌላውም ሰው አንድ ነው። ሲያመን በወዲያኛው በኩል እናኝካለን። ወዲያኛውም ሲያም ቅርንፉድ እንነክሳለን። ቅርንፉዱ ሲያልቅ ጎረቤት እናማክራለን፤ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ቅርንፉድ ይሰጠናል። ሐኪም ቤት የምንሄደው ፊታችን አብጦ የገዛ ዘመዶቻችን መለየት ሲያቅታቸው ነው።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ይህን ሁሉ መንገድ ተከትላ ነበር፤ ችግሩ ጥርሷ ብቻ አልነበረም። በልጅነቷ እየተመላለሰ ያሠቃያት የጉሮሮ ሕመም ሳናውቀው ልቧ ድረስ ወርዶ ቫልቩን ጎድቶታል። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትቆማለች፤ ደክሟት እንደቆመች እንዳይታወቅባት ስልኳን አውጥታ ታያለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይህቺ ልጅ ስልክ ታበዛለች ይላል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ስታይም አይተን እንዳላየን እናልፋለን።

ለቀዶ ጥገናው ስንት ዘመን ወረፋ ከጠበቀች በኋላ ተራዋ ደረሰ። ደስታችንን ሳንጨርስ የልብ ሐኪሞቹ አፏን አስከፍተው አዩና ከበስተኋላ ያለው የበሰበሰ መንጋጋ ሳይነቀል ልቧን አንነካም አሉ። አፍ ውስጥ ያለ ተሕዋስ በደም ተሳፍሮ የተጠገነው ቫልቭ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ጥርሷ ተነቅሎ፣ ቁስሉ ሳያመረቅዝ ደርቆ ካልመጣች ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። እማዬ ጥርስንና ልብን ምን እንዳገናኛቸው ለመረዳት ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግማ ጠየቀች። ሲገባት የሰናይትን አገጭ ይዛ አፏን ራሷ አየች።

ሰው ጠቁሞን ጎፋ ሄድን። ክሊኒኳ ከቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ሐኪሟ ዶክተር ሜሮን ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የማትቸኩል ወጣት ናት። የሰናይትን ነገር ከሰማች በኋላ ከጥርሱ ይልቅ ስለ ውሃ ብዙ ማውራቷ ገረመን። ጥርስ ማከሚያው ወንበር ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ውሃ እዚያ ውስጥ ሲያድር የቱቦው ግድግዳ ላይ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ይበቅላል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እዚያ ጎጆ ቀልሰው ይዋለዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋትና በየታካሚው መሃል ውሃውን ለቅቃ ታፈሳለች፣ ቱቦዎቹንም በመድኃኒት ታጥባለች።

"የጀሪካን ውስጡን ማለትሽ ነዋ" አለች እማዬ።

"በትክክል እናቴ" አለች ዶክተሯ፤ እማዬ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ቀና ብላ ወጣች።

የነቀላው ቀን በጠዋት የመጀመሪያ ተረኞች ሆንን። ሰናይት ተሕዋስያኑ ወደ ልቧ እንዳይሄዱ ከነቀላው በፊት የሚወሰደውን መድኃኒት ቤት ውጣ መጥታለች። እማዬ እጇን ልያዝላት ብላ አብራ ገባች፤ እኔም የሚከለክለኝ ስላጣሁ ተከተልኩ። ዶክተሯ ቱቦዎቹን አንድ ላይ ይዛ ምራቅ መትፊያው ሳህን ላይ ለቀቀቻቸው። ውሃው ይፈሳል። አሁንም ይፈሳል። የእማዬን ፊት አየሁት፤ ያ የምታውቁት፣ ሰው ቤት የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያየች ጊዜ የሚመጣው ፊት ነው። ሰናይት በፍርሃት ዓይኗን ጨፍናለች፤ እማዬ በሐዘን ዓይኗን መጨፈን አቅቷታል።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ ሊፈስ ነው?"

"አዎ እናቴ፣ መፍሰስ አለበት።"

"እስቲ ዕቃ ስጪኝ፤ ለወለልሽ እንኳ ይሆንሻል።"

ዶክተሯ ሳቀችና አንድ የፕላስቲክ ጆግ ሰጠቻት። እማዬ ታዲያ ወዲያው አልቀዳችም። በቤታችን ሥርዓት መሠረት የመጀመሪያው ፈሶ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ጥርት ያለውን ሞላችና ጆጉን ከወንበሩ ጎን አስቀመጠችው። ዶክተሯ ከአንዲት ትንሽ የታሸገች ጠርሙስ ያለውን ውሃ ሁሉ ወደ አንዲት የብረት ሳህን ገልብጣ፣ የጥርሱን ራጅ ለማምጣት ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል እያየሁ የራሴን ጥርሶች በምላሴ እቆጥር ነበር።

እማዬ ሳህኗን አየቻት። ለልጇ የተመደበው ውሃ የሳህኗን ታች እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። በኋላ እንደነገረችን ዶክተሯን በስስት አላማችም፤ ያላትን ነው የሰጠችን ብላ አዘነችላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርግ የኖረችውን አደረገች። ለጎደለበት ከጆጉ ጨመረች።

ዶክተሯ ተመልሳ ጓንቷን አጠለቀች፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ከሳህኗ ቀዳች፣ ሰናይት ላይ ጎንበስ አለች።

"አይዞሽ ሰኒ። አሁን ማደንዘዣ እወጋሻለሁ፤ ጥርሱ ሲወጣ ደግሞ ቁስሉን በዚህ አጥብልሻለሁ። የወንበሩ ውሃ አይደለም፤ ታሽጎ የመጣ ነው። አንድም ተሕዋስ የለበትም።"

እማዬ ትምህርት ቤት እንዳለ ልጅ ጣቷን አነሣች።

"ልጄ፣ ቆዪ። አሁን አለበት።"

ዶክተሯ ጆጉን አየች፣ ሳህኗን አየች፣ እማዬን አየች። እማዬ የመጀመሪያው እስኪፈስ እንደጠበቀች፣ የጨመረችው ጥርት ያለውን እንደሆነ ለማስረዳት ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። እናቴን ፍርድ ፊት እንደቆመ ሰው ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክተር ሜሮን ሲሪንጁን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበር ስባ እማዬ ፊት ተቀመጠች።

"እናቴ፣ አሠራርዎ ልክ ነው። የእኔም ጥርስ የሚታጠበው በዚሁ ውሃ ነው። ግን ጥርሱ ሲወጣ የሰናይት ድድ ክፍት ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ልቧ መንገድ አለ። ለዚያ መንገድ ጥርት ያለ ብቻ አይበቃም። እንኳን ነገሩኝ፤ ባይነግሩኝ ከየት አውቄ ነበር?"

እማዬ ተነሣች። ሳህኗን ከጠረጴዛው ላይ ራሷ አንሥታ መትፊያው ላይ ደፋችው። ቀጥላ ጆጉን አነሣችና እሱንም ደፋችው፤ ለወለሉ እንኳ አላስቀረችም። እኔ ይህን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር።

የታሸገው ውሃ ግን ያ የመጨረሻው ኖሯል። ሰናይት የዋጠችው መድኃኒት ኃይሉ ሳይደክም ሌላ መገኘት አለበት። ሮጬ ወጣሁ። የመጀመሪያው ፋርማሲ አልቋል አለኝ፤ ሁለተኛው ገና እየከፈተ ነበር፣ ባለቤቱም ቁልፉ ጠፍቶበት ሁሉንም ኪሶቹን ይፈትሻል። አብሬው ልፈትሽለት ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ አገኘሁና ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስኩ። አዲስ ሳህን ወጣ፣ አዲስ ውሃ ተቀዳ። እማዬ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ፣ ምንም እንዳትነካ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ቆመች። የሰናይትን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጥርሱ ብዙም ሳያስቸግር ወጣ።

ወደ ጀሞ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሰናይት ጥጥ ነክሳ መናገር አትችልም። እማዬ መስኮት መስኮቱን እያየች "በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር" አለች። ሰናይት ስልኳን አውጥታ ጻፈችና ሰጠቻት። እማዬ መነጽሯን አልያዘችም፤ ለእኔ አቀበለችኝ። እንዳይጎድልብኝ ብለሽ ነው፣ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከፊት ያለችው ተሳፋሪ ዞር ብላ አየችን፤ እማዬ እያለቀሰች ነበር፣ ደግነቱ በጀሞ ታክሲ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ጥያቄ አይቀርብበትም።

ቁስሉ በደንብ ደረቀ። ተራውም አላለፈም። ልቧ ተከፈተ፣ ተጠገነ፣ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ደኅና ናት ብለው ከነገሩን በኋላ አንድ አንድ እየሆናችሁ ግቡ ተባልን።

ከክፍሉ በር ፊት ለፊት መታጠቢያ አለ። እማዬ ቀደመች። ቧንቧውን ከፈተችና ዝም ብላ ቆመች፤ ውሃው ይፈሳል። ቆይታ እጇን አስገባች፣ ሳሙና መታች፣ አለቀለቀች፣ እንደገና ሳሙና መታች። ቧንቧው በመሃል አንዴም አልተዘጋም። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የለመደ እጄ ሊዘጋው ሲሄድ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ወረፋው ረዘመ። የበሩ ጠባቂ ትዕግሥቱ አለቀና ጠጋ አለ።

"እናቴ፣ ውሃው እኮ በከንቱ ፈሰሰ።"

እማዬ ዞር እንኳ አላለችም።

"ይፍሰስ" አለች። "ልጄን ልነካት ነው።"