ከተጠፋፋን ፒያሳ

ሙሉነህን በደንብ አላውቀውም። ይህን አስቀድሜ መናገሩ ይሻለኛል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው የወዳጅ ወሬ ይመስላልና። አንድ ዓመት አብረን ዳቦ ጋግረናል፤ ሮም ድረስ አብረን ሄደናል፤ ፓስፖርቴን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከርሟል። ያም ሆኖ አላውቀውም። ዓይነቱን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሦስት ሐበሻ ተሰብስቦ መንገድ ከጀመረ አንደኛው የጉዞ አለቃ ነው። የሚሾመው የለም፤ ሹመቱን ከበር ላይ አንስቶ ይዞ ነው የሚወጣው። ጉዞው የሰርግ ከሆነ መኪኖቹን ያሰልፋል። የለቅሶ ከሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚሳፈር ይደለድላል። በሰብዌይ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ከሆነ ደግሞ በየትኛው በር ብንገባ ስንወርድ ከደረጃው ፊት ለፊት እንደምንሆን ይነግረናል። ሲሳካለት "አላልኳችሁም?" ይላል። ሳይሳካ ሲቀር የተሳሳተው ከተማው ነው።

የኛን አለቃ "ፊታውራሪ" ያለው የክፍል ጓደኛችን ፋሩቅ ነው፤ ሁልጊዜ ፊት ፊት ስለሚሄድ። ሹመቱ ለቀልድ ነበር፤ ፊታውራሪ ሙሉነህ ግን እንደሚገባው አድርጎ ተቀበለው። ስሙን ያወጡለት ወላጆቹ ምን ያህል እንደተሳካላቸው የሰሙ አይመስለኝም፤ የጎደለው ነገር እንዳለ እስከ ዛሬ ያሳመነው ሰው የለም። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ብዙም አያልፍም። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ይኖራል። የማንኛውም ችግር መፍትሔ ለእሱ አንድ ነው፤ "ለኔ ተዉት።"

የተገናኘነው ኮሌጅ ውስጥ የዳቦና የኬክ ሥራ ስንማር ነው። ከክፍሉ አማርኛ የምንናገር አራት ነበርን። ሙሉነህ አለ። ፋሩቅ አለ፤ ከትምህርት በፊት ታክሲ ይነዳል፣ በትምህርት ሰዓት ይቀልዳል። ሶልያና አለች፤ እዚሁ ቶሮንቶ ያደገች፣ በአማርኛ ጠይቀዋት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ስለሆንኩ እትዬ አሰፋሽ ይሉኛል።

የአለቃውን አመራር መጀመሪያ የቀመስነው ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ላይ ነው። መምህራችን የጃማይካዎችን ዳቦ ቀምሳችሁ ኑ ብሎ ልኮን ነበር። ያኔ መንገዱ ተቆፋፍሮ፣ የእግረኛው መሄጃ በአጥር ተበጣጥሶ ነበር። ሙሉነህ ሰው በሚሄድበት መሄድ ሽንፈት ስለሚመስለው አቋራጭ አውቃለሁ አለና አንድ የተከፈተ አጥር አሳልፎ አስገባን። ትንሽ እንደሄድን ራሳችንን ጉድጓድ አፋፍ ላይ አገኘነው። ቢጫ ቆብ የደፋ ሠራተኛ እየጮኸ መጣና ከፊት ሆኖ እስከ መውጫው አደረሰን። ሙሉነህ አመስግኖ ሸኘውና ወደ እኛ ዞረ።

"አላልኳችሁም? አጃቢ ሳይቀር።"

ሮም የመሄዱ ነገር የተወጠነው ብሉር ጎዳና ላይ እራት ስንበላ ነው። በየካቲት ትምህርት የሚዘጋበት ሳምንት ነበረን። ሶልያና ስልኳ ላይ ርካሽ ቲኬት አገኘች፤ ዳቦ ጋጋሪ የሮምን ፉርኖ ቤት ሳያይ እንዴት ይመረቃል ተባለና ሦስታችንም እጅ አወጣን። አለቃው ብቻ አላወጣም። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ፓሪስ አይሻልም?" አለ። አይሻልም አልነው። ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ አንድም ነገር አልመራም፤ ሂሳብ እንኳ ሲመጣ ማን ከየት በኩል እንደሚወጣ አልተናገረም። ፋሩቅ ጥርሱን አሞት ነው አለ።

በማግሥቱ ድኖ መጣ። ጣልያንኛ እችላለሁ፣ ለኔ ተዉት አለ። ከየት ተማርከው ስንለው ከአባቴ ጋራዥ አለን። ካቻቪቴ ጣልያንኛ አይደለም ወይ? ፍሪሲዮንስ? ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ቦርሳ፣ ኮሞዲኖ፣ ፌርማታ፤ ሐበሻ ሳያውቀው ግማሽ ጣልያን ነው፤ የቀረውን ግማሽ በእጅ ምልክት ይሞላዋል።

"ልክ ነህ" አለ ፋሩቅ። "መኪና ሆነን ከሄድን እንግባባለን።"

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፊታውራሪ ሠራዊቱን አሰለፈ። ፓስፖርቶቻችንን ሰብስቦ አንገቱ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ከተተና ቦርሳውን ከሸሚዙ ስር አስገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ አልወጣም። ፋሩቅ እንደነገረን ሲተኛም አያወልቀውም። ቀጥሎ ትልቁ ትእዛዝ መጣ።

"ከተጠፋፋን ፒያሳ።"

"ሙሌ፣ ዊች ፒያሳ?" አለች ሶልያና። "ሮም ውስጥ ኤቭሪ ስኩዌር ፒያሳ ነው የሚባለው።"

"ፒያሳ ነዋ። ፒያሳ ስንት ነው?"

ፋሩቅ በጊዮርጊስ በኩል ነው ወይስ በሲኒማ ኢትዮጵያ በር ብሎ ጠየቀ። ደግሞም የኛዋ ፒያሳ ፈርሳለች፣ ወሬው አልደረሰህም ወይ አለው። እኔ ድምፄን አጥፍቼ ሳቅሁ። አለቃው አልሳቀም። አንድ ጊዜ ደገመልንና ወደ በሩ ቀደመን።

በሮም ያሳየንን ዕውቀት ዘርዝሬ አልጨርሰውም። ኮሎሲየም ፊት አቁሞን ሕንፃው ያልተጠናቀቀው በጀት ስላለቀ ነው አለ፤ ኤግሊንተን ዌስትን አይተን ስለሄድን ማናችንም አልተከራከርንም። አንድ የፈረሰኛ ሐውልት አሳይቶ ዋና ቄሱ ናቸው አለን። የሰውየውን ሰይፍ ስናሳየው የድሮ ቄስ ናቸው አለ። ፉርኖ ቤት ገብቶ "ፉርኖ" ብሎ ሲጠይቅ ሻጭዋ በእጇ ቤቱን ሙሉ አሳየችው፤ ለካ እነሱ ፉርኖ የሚሉት መጋገሪያውን ኖሯል። አለቃው ወደኛ ዞሮ፣ "ቤቱን ሁሉ ውሰዱ ትላለች" አለ።

ነገር ግን መጽሐፍ የማይጽፋቸውን ነገሮች ያውቅ ነበር። በየመንገዱ ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ ውሃ አለ፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ይወነጨፋል። ይህን ያስተማረን እሱ ነው። ሲበርደን የቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢቀመጡ የሚሞቅ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ከሰዓት እግሬ ሲዝል አይቶ ከአንድ ግንብ ጥግ አስቀመጠኝና፣ "እዚህ ይረፉ፣ እትዬ። እዚህ ማንም አያስነሳዎትም" አለኝ። ጨዋነት መስሎኝ አመሰገንኩት።

ከሥልጣን የወረደው በቧንቧ ምክንያት ነው። የነፋሩቅ ክፍል ውስጥ ቧንቧው አልዘጋ ብሎ ውሃው ወለሉን ሞላ። ፋሩቅ የአለቃውን የጋራዥ ትምህርት አምኖ እንግዳ መቀበያው ጋ ወረደና በሁለት እጁ ሲፈነዳ እያሳየ፣ "ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ሦስተኛ ፎቅ" አለ። ለካ ለጣልያኖች ይህ ቃል የሚፈነዳው፣ እውነተኛው ቦምብ ነው የሚመስላቸው። ሰውየው ቀለሙ ተለወጠ፤ ስልኩን አነሣ። ሙሉነህ ያን ጊዜ ከደረጃው ወረደ። ሁለት እጆቹን እንዲታዩ አድርጎ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፤ አንገቱን ትንሽ ደፋ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳይቸኩል ተናገረ። ሰውየው ስልኩን መለሰው። የሰማሁት ጣልያንኛ የካቻቪቴና የፍሪሲዮን አልነበረም። እኔ ግን ሣቁ ስለበለጠብኝ ልብ ሳልለው ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ መሪነቱ ለሶልያና ስልክ ተሰጠ። ስልኩ ቀኝ ሲል ቀኝ፣ ግራ ሲል ግራ ሄድን። የተሻረው አለቃ ያለ ቅሬታ ከኋላ ሆኖ፣ ከስልኩ ቀድሞ፣ "አሁን ግራ ይላል" ይለን ነበር።

የጠፋሁት በመጨረሻው ቀን ነው። ማታ እንበራለን። የትሬቪን ምንጭ አይተን ስንመለስ አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ የዳቦ ቤት መስኮት ፊት ቆምኩ። ውስጥ አንዲት ሴት ሊጡን ስታጥፈው አየሁ፤ እኛ ዓመት ሙሉ ያልሆነልንን እጥፋት እንደ መሐረብ ነው የምታጣጥፈው። ዞር ስል ከጓደኞቼ አንድም የለም። ስልኬ ያለ ዋይፋይ ጌጥ ነው። ፓስፖርቴ ሙሉነህ አንገት ላይ ነው። የሆቴሉን ስም ደግሞ አላውቀውም፤ የጉዞ አለቃ ያለው ሰው የሆቴል ስም አይይዝም።

የታዘዝኩት አንድ ነገር ብቻ ስለነበር ፒያሳ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ አደባባይ ደርሼ ምልክቱን ሳነብ ፒያሳ እገሌ ይላል። ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ ሄድኩ፤ ፒያሳ እገሊት። ከተማው ፒያሳ በፒያሳ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሉነህን በልቤ ረገምኩትና ወዲያው ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሲነሣ ታየኝ።

አንዲት ሴት በስልክ በአማርኛ እየተቆጣች መጣች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ተከትያት ሄድኩ፤ ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅሁ። ጥያቄው አሳፈረኝ። ሮም መጥቶ ፒያሳ የት ነው ማለት ባሕር ውስጥ ቆሞ ውሃ የት ነው እንደማለት ነው። ግን ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም።

አልሳቀችም።

"የስደተኛ ልጆቹ ፒያሳ? ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነዋ" አለችኝ። ቀጥላም ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማን ጠፋብሽ፣ እህቴ? ሰው የጠፋበት ሁሉ እዚያ ነው የሚፈልገው።"

ባመለከተችኝ መንገድ ሄጄ የደረስኩበት አደባባይ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው የለም። ጥቂት ዛፍ፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለበት ካርቶን። ከኛ አገር ልጆች አምስት ስድስት የሚሆኑ ኮታቸውን እስከ አፍንጫቸው ዘግተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ሙሉነህ አለ። ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ የሻንጣውን ማንገቻ እግሩ ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ ነበር የተቀመጠው። ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ እንደዚያ መቀመጥ አይማርም።

አጠገቡ ጢሙ የሸበተ ሰው ነበር። እኔን አየና ሙሉነህን በክርኑ ነካው።

"ይቺ ናት የጠፋችብህ፣ ሙሌ? ትመጣለች አላልኩህም? እዚህ ያልመጣ ማን አለ?"

ሙሉነህ ተነሣ። ፊቱን ለማየት ሞከርኩ፤ እሱ ግን የሻንጣውን ማንገቻ ሲፈታ አጎንብሶ ነበር።

"ከተጠፋፋን ፒያሳ አላልኳችሁም?" አለኝ። "ዘገዩ እንጂ።"

የሸበተውን ሰው አቅፎ ተሰናበተው። ኮቱን አውልቆ ሰጠው። ከዚያ እንደ ልማዱ ፊት ፊት ሄደ፤ አውቶቡሱን ሳይጠይቅ፣ ስልክ ሳያይ።

የቀረውን የሰማሁት አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ከሶልያና ነው። ስጠፋ ፖሊስ ኮል እናድርግ ብላ ነበር። እሱ እምቢ አለ፤ የሁለቱን ፓስፖርት ከአንገቱ አውጥቶ ሰጣቸውና ሻንጣችሁንና የእትዬን ይዛችሁ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሂዱ አላቸው። ፍላይትህን ሚስ ታደርጋለህ አለችው። የመለሰላትን በአማርኛ፣ ቃል ሳታዛንፍ ነገረችኝ፤ "እዚህ ከተማ ሰው ጥሎ አይኬድም።" ይህን ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለት ወንበር ወደፊት ሙሉነህ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጦ ለአጠገቡ ሰው ስናርፍ በየትኛው በር መውጣት እንደሚሻል ያስረዳ ነበር።

ቶሮንቶ ስንመለስ በረዶው እንደጠበቀን ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ኮሎሲየም በጀት፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ፉርኖው ተወራ። ስለ ፒያሳ ማንም አላነሣም። ሙሉነህም ሹመቱን ማንም ሳይመልስለት መልሶ ያዘው፤ እኛም ስልኩን ትተን በሰላም ተመራን።

አንድ ቀን ከትምህርት ስንወጣ ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ብቻችንን ተገናኘን። ሁለታችንም ወደ ፓርክዴል ነን። አዲስ ኮት ለብሷል። በቀኝ በኩል ፀሐይ ስለሚገባ በግራ አስቀመጠኝ፤ ፀሐይ የሚባል ነገር ግን ሰማይ ላይ አልነበረም። ጠያቂ ሰው አይደለሁም። የሰውን ነገር ከመጠየቅ ሳላውቀው መኖር ይቀለኛል። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት ያዘኝ።

"ሙሉነህ" አልኩት። "እዚያ ፒያሳ ላይ ስንት ክረምት ቆየህ?"

መስኮቱን አየ። ጉም ይዞት ነበር፤ በእጅጌው ጠረገው። ውጭውን ትንሽ ተመለከተ። ከዚያ ተነሣና ማስቆሚያውን ቁልፍ ተጫነልኝ።

"ፌርማታዎ ደርሷል፣ እትዬ። በዚህኛው በር ይውረዱ፤ በዚያኛው በረዶ አለ።"

ፌርማታዬ ገና ነበር። ባለኝ በር ወረድኩ።