ስምህን ማን ልበል?

የሚኒስትር ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ እናንተን እግዜር ይጠብቃችሁ።

ጌታሁን መርሳ ከተማ ላይ የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሳለ ሥራ አስኪያጁ ፊት ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ነበር። እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። ሚኒስትር ሆኖ ወልድያ አዳራሽ ሲሰበስበን ከሥራ ስለተባረሩት ጓደኞቻችን ልጠይቀው እጄን አወጣሁ።

«ስምህን ማን ልበል?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

አሥር ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጠን! ጥያቄዬን ዋጥኩት።

«ክቡር ሚኒስትር፣ መስኮት ይከፈትልን ለማለት ነው» አልኩ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ በላብ ርሷል።

«እንደምንተዋወቅ እንዳያውቁብኝ ብዬ ነው» አለኝ በጆሮዬ። «እንኳን አልጠየቅከኝ።»

እነማን እንደሆኑ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን እኔም እፈራቸዋለሁ።