ሌባን ዋጋ ያስቀነሰ ሰው

በተጠየቀው ዋጋ ዕቃ መግዛትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ቢለጠፍ እንኳ ለእሱ የጨዋታ መክፈቻ ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ የሳል ሽሮፕ ያስቀንሳል። ጥርስ ሊያስነቅል ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ አፉ በጥጥ እንደተሞላ፣ "ሁለቱን ባንድ ላይ ብነቀልስ?" ብሎ ሐኪሟን ይጠይቃል። የልብስ ሰፊዋ ባል እንዲህ ያለ ሰው ነው። ገበያተኛው ሁሉ "ክቡር ጋሽ ቀንስ" ይለዋል፤ እሱም ማዕረጉን ሳያቅማማ ተቀብሎታል።

ሚስቱ ብዙ ችላዋለች። ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ምሳ ሰዓት ነው ብለው ሲዘጉባቸው ችላለች። ከበዓሉ በፊት የሠራውን ግን መቻል አቃታት።

የበዓል ልብስ በተጣደፈበት ሰሞን የስፌት መኪናዋ ሞተር ተቃጠለ። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ተከምሯል፤ እጅጌ ያልገባላቸው የልጆች ቀሚሶች በሩ ላይ ተሰቅለዋል። ለበዓሉ ካላደረሰች ደንበኞቿ ለከርሞ ሌላ ሰፊ ይፈልጋሉ፤ የዓመት ኑሮዋ ደግሞ የቆመው በዚህ ሰሞን ሥራ ላይ ነው። ለእሷ መኪና የሚሆን ሞተር ከሱቅ ዋጋ ረከስ ብሎ አንድ የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ተገኘ። እሷ ቁልፍ በእጇ እየተከለች ስለነበር ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

"ስማ፣ በገጹ በኩል ብቻ ነው የምትከፍለው። ዕቃው እጃችን እስኪገባ ገንዘቡን እነሱ ይይዙታል። ሻጩ በሌላ መንገድ ላክልኝ ቢልህ እንዳትሰማው።"

"እኔን ነው የምትመክሪው? እኔን?" አለ ጋሽ ቀንስ፣ መነጽሩን እየወለወለ።

ሻጩ በሌላ መንገድ ላክልኝ አላለውም። የሚያበግናትም ይኸው ነው። ጋሽ ቀንስ አስቀንሶ አስቀንሶ፣ ሰውየው "ከዚህ በታች ከወረድኩማ ልጆቼ ጦማቸውን ማደራቸው ነው" ብሎ ሲጽፍለት፣ ክቡርነታቸው በገዛ ራሳቸው ዘዴ አፈለቁ። "ገጹ ካንተ ኮሚሽን ይቆርጣል አይደል? እነሱን ለምን እናበላለን? እኔ በቀጥታ ልላክልህ፣ አንተ ኮሚሽኑን ከዋጋው ላይ ቀንስልኝ።" ሌባው ገና ሊያጠምደው ሲያስብ፣ ጋሽ ቀንስ ወጥመዱን ራሱ ተሸክሞ መጣለት።

"እርስዎ እኮ አይቻሉም ጋሼ! በሉ እሺ፣ ለበዓሉ ስል ተሸነፍኩ" የሚል መልስ መጣ።

ጋሽ ቀንስ ገንዘቡን ወዲያው ልኮ፣ ይህችን "ተሸነፍኩ" ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ አሳየ። ሞተሩ ግን አልመጣም። ሻጩ ከገጹ ላይ ጠፋ፤ ስልኩም ዝግ ሆነ።

"ተበላህ" አለችው ሚስቱ።

"አይሆንም! ሌባ ቢሆን ለምን ይከራከረኛል? ሌባ ቶሎ እሺ ይላል። ይሄ ሰውዬ ለእያንዳንዷ ሳንቲም ነው የተናነቀኝ!"

"ሳንቲሟን ሊወስድ ነዋ የተናነቀህ!"

"ልጆች አሉኝም ብሎኛል..."

"ልጆቹን ደግሞ እኔ ላሳድግለት?" የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ነው ያልኩህ። አንድ! ሰው ተታሎ ይሰረቃል፤ አንተ ለምነህ ተሰረቅክ!"

ለገጹ ባለቤቶች አመለከተች። ክፍያው ከገጹ ውጭ ስለተፈጸመ ልንረዳዎ አንችልም አሏት። ባንኩም ገንዘቡ ወዲያው ወጥቷል አላት። ሰው በዓል ደረሰብኝ ብሎ ሲዋከብ ጠብቆ የሚዘርፈውን ያን ሰውዬ፣ መልኩን ስለማታውቀው፣ በተዘጋው ስልክ ላይ ስትሰድበው ዋለች። ስድቡ ሲያልቅባት ወደ ባሏ ዞረች። ጎረቤቶቹም አልማሩትም፤ "ጋሽ ቀንስ፣ ሌባው ስንት ቀነሰልህ?" እያሉ በመስኮት ይጠይቁታል። እሱም መስኮቱን ዘጋ።

በማግስቱ ሳይናገር ወጥቶ ካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። ለራሱ ኮት ሊገዛበት ባስቀመጠው ገንዘብ፣ መንገድ ማዶ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ሞተር ገዝቶ ነው። እሷ አላመሰገነችውም። ሞተሩን ገጥማ ፔዳሉን ረገጠች፤ መርፌው ወረደ፣ ወጣ። የመጀመሪያውን እጅጌ እየገጠመች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

"ስንት አስቀነስክ?"

"የጠየቀኝን ከፈልኩ።"

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። "ምንም?"

"ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ።" ዋጋውን ነገራት። ሲነግራት ግድግዳውን እያየ ነበር።

አሁን የነደዳት ንዴት የትናንቱ አልነበረም። ተነሳች፤ ሹራቧን ደረበች፤ ባሏን እጁን ይዛ መንገዱን አሻገረችው። ባለሱቁ ገና ሲያያቸው "የተሸጠ ዕቃ አንመልስም" ማለት ጀመረ።

"ማን ይመለስ አለህ? ይልቅ ይሄን ሰውዬ አታውቀውም?"

"ጋሽ ቀንስን? ማን የማያውቀው አለና።"

"ታዲያ እሱ የጠየቅከውን ሲከፍል እያየህ፣ 'አሞሃል ወይ?' አይባልም?" ባሏን ከኋላ ገፋ አድርጋ ባንኮኒው ፊት አቆመችው። "በል፣ አሁን አስቀንሰው። ቀሚሶቹ ይጠብቁኛል፣ ግን እስክትጨርስ አልሄድም።"

ባለሱቁ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ጋሽ ቀንስ ጉሮሮውን ጠረገ።