ወይዘሪት ዘኪያ ነጩን ማር ወደ ፊተኛው ገጽ ያወጡበት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ኔትወርክ ከስደቱ ወደ ምድረ ዋግ ከተመለሰ ወዲህ፣ መብራትም አብዛኛውን ቀን በምትነግሥበት ዘመን፣ በወርኀ ኅዳር፣ ማር ተቆርጦ ከደሃና ወደ ሰቆጣ በአህያ በሚገባበት ሰሞን፣ የነጋዴው የሰላሕ ልጅ፣ የቁልፍ ቃል እመቤት፣ የሊንክ ለቃሚ፣ ጣተ ፈጣን ወይዘሪት ዘኪያ ለዘመቻ ተነሡ። የዚህ ዜና መዋዕል ጸሐፊ እኔ ተስፋው ነኝ፤ ከሱቃቸው ጎን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት የቆየሁ ስለ ሆንሁ የፊደል ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ያላየሁትን አልጻፍሁም፤ ያየሁትን ጥቂት ከፍ አድርጌ ጽፌ እንደ ሆነ ግን የሥራው ደንብ ነው።

ወይዘሪት ዘኪያ ስለ ሰቆጣ ነጭ ማር የምትናገር አንዲት ብሎግ ነበረቻቸው። በባለቤቷ ዘንድ እጅግ የተወደደች ነበረች፤ በሌላው ዘንድ ግን ትጠላ ዘንድ እንኳ የሚያውቃት አልነበረም። አንባቢዎቿ ራሳቸው ወይዘሪት ዘኪያ፣ ታላቅ እኅታቸው ረውዳና ይህ ጸሐፊ ብቻ ነበርን። አባታቸው ሰላሕ፣ ሚዛናቸው የማይዋሽ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅረው ባዩአቸው ጊዜ አዘኑ፤ አዝነውም አልቀሩ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስሚኝ ዘኪያ። መጻፍሽን አልጠላም። ግን ለማን ነው የምትጽፊው? እስከ ዓረፋ ድረስ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ፣ ጽሑፍሽን ፈልጎ አግኝቶ በዚህ በር ይግባ። ካልገባ፣ ኢንሻአላህ ደሴ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ፤ የጨርቅ ንግድ ትማሪያለሽ።»

ወይዘሪት ዘኪያ ደሴን አልጠሉም፤ ጨርቅንም አልናቁም፤ ነገር ግን ከቀፎው ርቆ ስለ ሰቆጣ ማር መጻፍ እንደማይሆን ዐወቁ፤ ፈሩም። መፍራታቸውን እጽፋለሁ፤ የማይፈራ ጀግና ታሪኩ አጭር ነውና።

ከዚህ በኋላ ሠራዊታቸውን አሰለፉ። በቀኝ ክንፍ እኅታቸው ረውዳ፣ የፎቶግራፍ አዝማች፣ የሱቁን ዝርክርክ በሻሽ ጋርደው ማሩን ብቻ የሚያሳዩ፤ በግራ ክንፍ ገብረ አምላክ ዘደሃና፣ የቀፎ አለቃ፣ ንቦቻቸውን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ የሚያባብሉ፣ ተነድፈው የማይማረሩ፤ በፊት ቻርጀር፣ በኋላ ፓወር ባንክ፣ በመካከል መስታወቷ የተሰነጠቀ ስልክ፤ ከስልኳም አጠገብ መነጽሩን እየወለወለ ጸሐፌ ትእዛዙ፣ እኔ።

በመጀመሪያው ዘመቻ ርእስ ያወጣሁ እኔ ነበርሁ፤ «ድርሳን በእንተ መዓር ጸዐዳ ዘምድረ ዋግ» አልሁት፤ ስለ ዋግ ምድር ነጭ ማር ማለቴ ነው። ያማረ ርእስ ነበር፤ አሁንም ያማረ ነው። ወይዘሪት ዘኪያ «ማር» ብለው የጻፉትንም ሁሉ እንደ ግእዙ «መዓር» ብዬ አቃናሁት። ጉግል ግን፣ ያ የሁሉን ጓዳ የሚያውቅ፣ የማያንቀላፋ ታላቅ በረኛ፣ ድርሳኑን ተቀብሎ ማንም እግሩን በማያነሣበት በስድስተኛው ገጽ በረሓ አሰፈረው። የአበርገሌ ቆላ እንኳ በበጋ ቀትር ከዚያ የተሻለ መንገደኛ አለው። ጥርም አለፈ፤ የካቲትም አለፈ፤ በዚያ በረሓ የመጣ እንግዳ አልነበረም።

አንድ ቀን አባታቸው ለጸሎት ሲሄዱ ባንኮኒውን ለልጃቸው ተዉላቸው። ወይዘሪት ዘኪያ እያኮረፉ ቆሙ፤ እየቆሙም ሰሙ። አንዱ ገዢ ይኼ ማር ለምን ረጋ ይላል፤ ሌላይቱ ስኳር እንደሌለበት በምን ዐውቃለሁ ትላለች፤ ሌላው የረጋውን እሳት ላይ ልጣደው ወይ ብሎ ይጠይቃል። መዓር ያለ አንድም አልተገኘም። ጸዐዳ ያለ አልተገኘም። «በእንተ»ማ ማን ብሎ። በባንኮኒ ፊት የሚጠይቅ ሰው ስልኩንም የሚጠይቀው በዚያው አፉ መሆኑ ያን ጊዜ ተገለጠላቸው፤ አባታቸው ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ እኔ ቤት ሮጠው መጥተው አዋጅ ነገሩ፦

«ሰው እንደሚጠይቀው እንጻፍ። አያ ተስፋው፣ ይቅር ይበሉኝ፤ መዓር ብሎ የሚፈልግ የለም፤ ማር እንበለው። ማር ለምን ይረጋል፤ ስኳር የገባበት ማር እንዴት ይለያል፤ የረጋ ማር እንዴት ይፈታል፤ ለየጥያቄው የራሱ ገጽ ይኑረው።»

ይህ አዋጅ በወጣበት ቀን ጸሐፊው ምሳ አልበላሁም። ሆኖም የጸሐፌ ትእዛዝ ነገር መታዘዝ ነውና ድርሳኑን በገዛ እጄ አፈረስሁት፤ ገብረ አምላክ ንቡ ስለሚቀስመው ስለ ግርቢያ አበባና ስለ ንቡ የተናገሩትን ወይዘሪት ዘኪያ በአጭሩና በግልጹ ጻፉት፤ ረውዳ የረጋውንና የፈታውን ማር ጎን ለጎን ፎቶ አነሡ። ብሎጊቱም ከስድስተኛው ገጽ ተነሥታ ወደ ሦስተኛው ገሰገሰች፤ በዚያም ቆመች። በረኛው ምስክር ይወዳልና፤ ሌላ ሰው በራሱ ገጽ ላይ «ወደዚያ ሂዱ» ብሎ ካልጠቆመለት አያከብርም፤ ይህንም መጠቆሚያ የሞያው ሰዎች ሊንክ ይሉታል።

በዚያ ሰሞን በቴሌግራም አንድ የሊንክ ነጋዴ ተነሣ፤ በአንድ ጀንበር ሺህ ሊንክ አዘንባለሁ አለ። ረውዳ ይሁን አሉ፤ ልባቸው በደሴ ነገር ስለ ቆሰለ አልፈርድባቸውም። ወይዘሪት ዘኪያ ግን ከየት እንደሚያመጣው መረመሩ፤ ቢመረምሩ ሁሉም ከኳስ ውርርድ ገጾች ነው። እንዲህ ሲሉም ዐወጁ፦ «ማራችን ስኳር የለበትም እያልን ሊንካችን ስኳር ሊሆን ነው? አንገዛም።» ነጋዴውም በመጣበት ሄደ።

በምትኩ መልእክተኛ ላኩ። ፋንታሁን የተባሉ የንብ ርባታ መምህር ለተማሪዎቻቸው የሚጽፉበት ገጽ ነበራቸው፤ በዚያ ገጽ ላይ ስለ ማር መርጋት የሚያመለክት አንድ ሊንክ ነበረ፤ ቢያንኳኩት ግን ደጁ እንጂ ቤቱ የለም፣ ያ የተጠቆመው ገጽ ከጠፋ ቆይቷል። ወይዘሪት ዘኪያ በትሕትና ጻፉላቸው፤ እርስዎ የጠቆሙት ቤት ፈርሷል፣ እኔ በዚያው ነገር ላይ ጽፌአለሁ፣ ቢያዩትና ቢነቅፉት ደስ ይለኛል አሉ። መምህሩ ዘገዩ፤ በመጨረሻም ነቀፉት። ማሩ በጣም በፈላ ውኃ ይሞቃል የሚለውን አሳርመው፣ እጅ በሚችለው ለብ ባለ ውኃ ይሁን ብለው፣ ከታረመ በኋላ ሊንኩን ሰጡ። ዮርዳኖስ የተባሉ ስለ ቤት ምግብ የሚጽፉ ሴትም ከመምህሩ ገጽ አይተው ሳይለመኑ ሰጡ። ከፋሲካ በኋላ ወሬው ከገጽ ወደ ገጽ ተዛመተ፤ ግንቦት ሲጠባ ብሎጊቱ ወደ ፊተኛው ገጽ ወጥታ ከሁሉ በላይ ተቀመጠች።

ደስታም ሆነ፤ ነገር ግን ሙሉ አልሆነም። አንባቢ እንደ ጉድ በዛ፤ አንዱ ከአዳማ፣ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዱም ከወዴት እንደ ሆነ ያልታወቀ፤ በበሩ የገባ ግን የለም። አዋጁ በበሩ ይግባ ይላልና። ዓረፋ ቀረበ። እናታቸው ዓሚኔ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርደው አቧራውን ጠረጉ፤ ይህን ያየ ቤተ ሰብ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

በዓረፋ ዋዜማ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት ወይዘሮ ማሬ የተባሉ ደንበኛ ከዋጉ ዝቋላ ድረስ በእግራቸው መጡ። ከዚሁ ሱቅ የገዙትን የማር ማሰሮ ከባንኮኒው ላይ ዘጭ አድርገው አስቀመጡ፤ ማሩ ነጥቶ እንደ ቅቤ ቆሟል። ስኳር ሸጣችሁልኝ አሉ። በገበያው ፊት አሉ። ሰላሕ ማሉ፤ የሻጭ መሐላ ግን ለገዢ መች ይዋጣል፤ ሰውም እየተሰበሰበ አንገቱን ያሰግግ ጀመር። የሚዛናቸው ስም እንዲህ ሲጎድፍ አይተው የማያውቁት ሰላሕ፣ ልጃቸው በጓዳ ልብስ ያጥፉ ስለ ነበር አልጠሩአቸውም፤ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ «ማር ለምን ይረጋል» ብለው ጠየቁ።

መልሱ መጣ። ሰላሕም ከላይ ያገኙትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለገበያው አነበቡ፤ እውነተኛ ማር ይረጋል፣ ነጩ ደግሞ ፈጥኖ ይረጋል፣ መርጋት ብቻውን የስኳር ምልክት አይደለም፣ ማሰሮውን እጅ በሚችለው ለብ ባለ ውኃ አቁሙት እንጂ እሳት ላይ አትጣዱት፣ ይላል። ውኃ ለብ ተደረገ፣ ማሰሮው ቆመ፣ ሕዝቡ ስለ በግ ዋጋ ሲከራከር ቆየ፤ ማሩም ቀስ እያለ ፈታ። ወይዘሮ ማሬ በጣታቸው ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ፤ ክፉ ቃሌን መልሻለሁ አሉ። ሰላሕም ስልኩን ወደ ላይ አንሥተው ይህን የጻፈ እጁ አይንቀጥቀጥ፣ የአባቱን ቤት አላህ ይሙላው ብለው መረቁ። ወይዘሮ ማሬ ጸሐፊው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ሰላሕ ጽሑፉን ወደ ታች ገፋ አደረጉ፤ ስሙን አገኙ፤ ግን አላነበቡትም። መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ጸሐፊ በበሩ ቆሜ አይቻለሁ።

ከዚያም ወደ ጓዳው ዞረው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለ ነበር ከገበያው የሰማ ጥቂት ነው፦

«ልጄ፣ የማላውቀው ሰው በዚህ በር ይግባ ብዬሽ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ ያላወቅሁት አንቺን ነው። ደሴ እደውላለሁ፤ አክስትሽ ሌላ ሰው ትፈልግ።»

ወይዘሪት ዘኪያም ያጠፉትን ልብስ እንደ ያዙ አለቀሱ፤ ዓሚኔም አለቀሱ፤ ወይዘሮ ማሬም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ።

እነሆ ለዘኪያ ዘሰቆጣ ምስጋና ይገባል፤ ሊንክ ሳይገዙ ሊንክ ለጠገቡ፣ ከስድስተኛው ገጽ በረሓ ሕዝባቸውን ይዘው ለወጡ፣ የሰውን ጥያቄ ከሰው አፍ ሰምተው ለመለሱ። ሌሎች ጀግኖች ሩቅ አገር ዘምተው ሩቅ አገር አቀኑ፤ እሳቸው ግን በአዳማና በሐዋሳ ዞረው፣ በበረኛውም ፊት ቆመው፣ ከጓዳ ተነሥተው የአባታቸው ባንኮኒ ደረሱ። ጣታቸው አይዛል፤ ኔትወርካቸው አይቋረጥ፤ የሚጽፉትን የሚያነብ አባት አይጡ።